የወንድሜ አስተርጓሚ

ወንድሜ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንዲት ደህና ቃል ከአፉ አልወጣም። ምን ቸገረው፣ እኔ ነበርኩለት።

ግራ ቅንድቡን ከፍ ካደረገ ውሃ ጠምቶታል ማለት ነው። ጆሮውን ከጎተተ እንቅልፉ መጥቷል። እግሩን አነባብሮ ግድግዳ ግድግዳውን ካየ ደግሞ ወሬ ሳይበዛ ወደ ሽንት ቤት ማሯሯጥ ነው። ይህን ቋንቋ በዓለም ላይ አቀላጥፌ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነው፤ የፊት ሁለት ጥርሶቼ የሉም፤ ሥራዬን ግን በአግባቡ እሠራለሁ። "ውሃ ይፈልጋል!" እላለሁ፣ ውሃ ይመጣል። "ሴትየዋን አልወደዳትም!" እላለሁ፣ እናቴ በደንበኛዋ ፊት ላብ በላብ ትሆናለች። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ የራሴን አስተያየት በእሱ ስም አስተላልፍ ነበር። ይህን የማያደርግ አስተርጓሚ ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ።

እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሁለቱ ክፍሎቻችን የፊተኛው የእሷ መሥሪያ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ በከረጢት፣ ጥጉ ላይ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ። አባታችን ማተሚያ ቤት ይሠራል፤ ማታ ሲመጣ ከመቁረጫው የተረፈ ወረቀት በብብቱ ይዞልን ይገባል። "ሬዲዮ" ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ "ሬዲዮ፣ የዛሬው ዜና ምንድን ነው?" ይለኛል፤ እኔም ዋና ዋናዎቹን አስቀድሜ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ወንድሜን ደግሞ እናቴ "ጌታው" ትለዋለች። ጌታ ካለ የሚናገርለት ሰው አያጣም፤ ቤታችን እንዲህ ተደላድሎ ይኖር ነበር።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ።

ነገሩን የጀመረችው የጤና ጣቢያ ነርስ ናት አሉ። "አራት ዓመት ሞልቶት እንዴት እስካሁን?" ብላ ለእናቴ አንዲት ወረቀት ጻፈችላት። እናቴ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነች። በሥራ ቀን ተሸፍና አይቻት አላውቅም፤ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ሁለታችንንም ይዛን ወጣች። የአንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ኮሪደር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

ያየሁትን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። አሸዋ የሞላበት ሣጥን፣ ያውም ቤት ውስጥ! እኛ በጫማችን ሁለት ፍሬ አሸዋ ይዘን ከገባን የምንሰማውን እኛ እናውቃለን። የእንጨት ባቡር። እንደ ጓንት በእጅ የሚለበሱ አሻንጉሊቶች። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሰላሉ የሚረዝም፣ የሚያጥር፣ የሚዞር ቀይ የእሳት አደጋ መኪና።

የክፍሉ ባለቤት፣ ልጆችን ንግግር የምታለማምድ ባለሙያ፣ በቤታችን "የአሻንጉሊቷ ሴትዮ" ተብላ የቀረችው፣ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ትልቅ ሰው፣ መነጽር አድርጋ፣ መሬት ላይ! በአንድ እጇ ኳስ፣ በሌላው ቀዩን መኪና ይዛ ወንድሜ ፊት ዘረጋች።

"የቱን ትፈልጋለህ? ኳሱን ነው መኪናውን?" አለችው። ከዚያ ዝም አለች።

"መኪናውን ነው" አልኳት።

ፈገግ አለችልኝና ተመልሳ ወደ እሱ ዞረች። "ኳሱን ነው... መኪናውን?"

ምስኪን፣ ጆሮዋ ደከም ይላል መሰለኝ። "መኪናውን! መኪናውን ነው የሚፈልገው!" አልኩ፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ።

"አመሰግናለሁ የኔ ቆንጆ። አሁን ከራሱ ልስማው።"

"እሱማ አይናገርም። ለዚህ አይደል እንዴ የመጣነው?"

እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ውጭ አግዳሚው ወንበር ላይ ነበርኩ፣ አንድ ወረቀትና ጫፉ የዶለዶመ እርሳስ ታቅፌ። ከበሩ ወዲያ የእሳት አደጋ መኪናው ሲጮህ ይሰማኛል፤ የምትጮኸው ሴትየዋ ናት። ከዚያ እናቴ ሳቀች። የእናቴን ሳቆች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ለደንበኛ የምትስቀው አለ፣ አባቴ ሲያበሽቃት የምትስቀው አለ። ይሄኛውን ግን ሰምቼው አላውቅም። አዲስ ነው፣ ገና ከመደርደሪያ የወረደ፤ የወረደውም ለእሱ ነው።

ቤት ስንደርስ ከወንድሜ ኪስ አሸዋ ፈሰሰ። ማንም አልተቆጣውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን በአዲስ ሕግ መተዳደር ጀመረ። ለጌታው ምንም ነገር ዝም ብሎ አይሰጥም። ኩባያው ፊቱ ይያዛል፣ "ውሃ?" ይባላል፣ ከዚያ ሁሉም ሰው እስትንፋሱን ውጦ ይጠብቃል። አባቴ እንኳ ብስኩት በጁ ይዞ፣ ተንበርክኮ፣ ልመና የወጣ ይመስላል። እኔ ታዲያ ልቤ አይችልም፤ "ይፈልጋል እኮ! ቅንድቡን አታዩም?" ስል እናቴ "ዝም በይ አንቺ ልጅ! አፍሽን አንድ ጊዜ ሰብሰብ አድርጊው!" ትለኛለች። እሱ "ዋ" ያለ እንደሆነ ጭብጨባ ነው። አባቴ ከማተሚያ ቤት ባመጣው ወፍራም ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አስምሮ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ ለእያንዳንዷ "ዋ" አንድ የሚለጠፍ ወርቃማ ኮከብ። እኔ በዚያው ሰሞን የሰባትን ማባዣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በቃሌ ወጣሁት። "ጎበዝ፤ አሁን ሂጂና ውጭ ተጫወቺ" ተባልኩ። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት ነው፤ ኮከብ ግን ዜሮ።

አንድ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ የእኛን አልጋ ከወላጆቼ በሚለየው መጋረጃ ወዲያ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"እና ምን አለች ሴትየዋ?" አለ አባቴ።

"ምን ትላለች? ልጅቷ ሁሉን እየተናገረችለት እሱ ለምን ይናገራል?"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እህትህ ጋ ብትሰነብትስ? ለወር ያህል?"

"ሬዲዮ?" አለ አባቴ። "ቤቱ ጭር አይልም?"

"እስኪለምድ ነው እንጂ..."

የቀረውን አልሰማሁም፤ ትራሱን ጆሮዬ ላይ ደፍቼው ነበር። ነገሩ ገባኝ። አንድ ልጅ ተበላሽቶባቸዋል፣ እንዲሠራ ሌላኛው መውጣት አለበት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። አክስቴ ደግሞ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ሰዓት እላፊ የታወጀበት የሚመስል ቤት ነበራት። ምንጣፍ አይረገጥም፣ በር በጉልበት አይዘጋም፣ ምግብ ላይ አይወራም። እኔ እዚያ ወር? ይሞታል እንጂ!

አሁን በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ያንን ማታ ላርመው። የአሻንጉሊቷ ሴትዮ ከቤት ትውጣ አላለችም። ያለችው "መጀመሪያ ልጅቷን አመስግኗት፣ ትልቅ ሥራ ሠርታለች፤ ከዚያ መጠበቅን አስተምሯት" ነው። እናቴ ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ ረዝሞ የመጣውን መቁረጥ ልማዷ ነው። የፊተኛውን ቆርጣ ጣለችው፣ የኋለኛውን "ዝም በይ" አድርጋ ሰፋችው፣ አክስቴን ደግሞ ከራሷ ጨርቅ ጨመረችበት።

እኔ ግን ይህን በምን አውቄ! ሌሊቱን አስቤ የደረስኩበት እንዲህ የሚል ነው፤ በዚህ ቤት ዝም ያለ ይሸለማል። ዝም ያለ አሸዋ ይሰጠዋል፣ ቀይ መኪና ይሰጠዋል፣ ከቤትም አይባረርም። ጥሩ። ዝምታ ትምህርት ከሆነ እኔ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው ተዘጋ።

ረስቼ እንዳልናገር የመጀመሪያውን ቀን ውሃ በአፌ ይዤ ነው የዞርኩት፣ ጉንጬ እስኪወጠር። ትምህርት ቤት ሲጠሩኝ እጄን አወጣሁ እንጂ "አቤት" አላልኩም። በማግስቱ አስተማሪዬ ለእናቴ ብጣሽ ወረቀት ላከች፦ "የልጅዎ ጸባይ በሚያስደስት ሁኔታ ተሻሽሏል።" ያቺን ወረቀት እናቴ እስከ ዛሬ አስቀምጣታለች። አንዲት ልጅ በጭንቀት አፏ ሲዘጋ አስተማሪዋ የጸባይ ምስክር ስትጽፍላት፣ ሌላ ምን ቀልድ ልጨምርበት?

ማታ አባቴ "ሬዲዮ፣ ዜና?" አለ። ዝም። "ባትሪ ጨረሰች!" ብሎ ሳቀ። በሁለተኛው ማታ ግን አልሳቀም። በአንድ እግሩ ጫማ እንዳለ አጠገቤ ተቀመጠና ግንባሬን ዳሰሰኝ። "ጉሮሮሽን ነው? ማን ምን አለሽ?" እንዴት እንደጣመኝ! ለሁለት ሳምንት በዚያ ዓይን ያየኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ግን "ተዋት፣ አኩርፋ ነው፤ ሲርባት ትለፈልፋለች" አለች። እኔም በልቤ እንተያያለን አልኳት።

ቅዳሜ የባንኳ ሴትዮ የምንላት የባንክ ሠራተኛ ልብስ ልትለካ መጣች። የእናቴ ትልቋ ደንበኛ ናት፤ በወርዷም፣ በክፍያዋም። ካውያው ክፍሉን አግሎታል። እናቴ ስድስት ያህል ስፒል በከንፈሮቿ ነክሳ የሴትየዋን እጅጌ እየያያዘች ነው። ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር የክር ጥቅሎቹን በየቀለማቸው ይደረድራል። እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ ዝምታዬን እጠብቃለሁ።

"አንቺ ሬዲዮ" አለች የባንኳ ሴትዮ፣ "ምነው ዛሬ ስለ ውፍረቴ ምንም አልተባለ? ወንድምሽ ባለፈው ሳምንት ጨምራለች ብሎ ነበር እኮ፣ ባንቺ አፍ።"

እናቴ በስፒሎቹ መሃል "እምም" አለች።

"ምላስሽን ምን በላብሽ? እሺ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

ጠምቶኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ጠምቶኛል፤ የውሃው ጆግ ደግሞ ጨርቅ ላይ እንዳይፈስ ተብሎ ከላይኛው መደርደሪያ ነው፣ እጄ አይደርስም። "ውሃ" ማለት ሁለት ፊደል ነው። ሁለቱን ፊደል ካወጣሁ ግን የሦስት ቀን ልፋቴ ገደል ገባ። ጆጉን አየሁት። ከንፈሬን ላስኩ። ደግሜ አየሁት።

ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። አንድ ቀይ ክር በእጁ ነው። ፊቴን አየ፤ እኔ የእሱን ፊት በማየው ዓይነት፣ ገጽ በገጽ። ጆጉን አየ። እንደገና እኔን። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሮ አስተርጓሚ ፈለገ፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ሥራ አቁሜያለሁ። ጉንጩ ቀላ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ለእታ" አለ።

የእናቴ እጅ እጅጌው ላይ ቆመ።

"ለእታ ውሃ።"

ስፒሎቹ በሙሉ ባንዴ ከእናቴ አፍ ተረፈረፉ። የባንኳ ሴትዮ በአንድ እጅጌዋ ብቻ ዘላ "እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!" እያለች አነሳችው፤ ግማሹ ልብስ ተተረተረ፣ ማንም ግድ አልነበረውም። እናቴ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ጸጉሩን፣ እጁን፣ ክሩን ጭምር ትስማለች። አባቴ ተጠርቶ ከጎረቤት ሮጦ መጣ። ሁለት ኮከብ ባንዴ!

ውሃውስ? ውሃው እዚያው መደርደሪያው ላይ ነው።

በሰባት ዓመት ልብ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቅናት የሚገባ አይመስለኝም። የጠማኝ እኔ፣ ኮከቡ የእሱ። በእኔው ጥማት ተሸለመብኝ! ከበርጩማዬ ተነሥቼ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

"አልጠማኝም!"

የሦስት ቀን ዝምታዬ በውሸት ተቋጨ። ወንድሜ ከእናቴ እቅፍ ውስጥ ቅንድቡን ሰብስቦ አየኝ፤ ትርጉሙ ልክ ሆኖ ሳለ "ተሳስተሃል" ሲባል አስተርጓሚ እንዴት እንደሚበሽቅ እኔ አውቃለሁ። ጣቱን ወደ ጆጉ ቀሰረና "ውሃ!" ብሎ ተቆጣ። እናቴ ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። ቀዳችልኝ። ኩባያውን ሙሉ እያለቀስኩ ጨረስኩት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የአሻንጉሊቷ ሴትዮ በሩን ከፍታ "ዛሬ አንቺ ግቢ" አለችኝ። "ብቻዬን?" "ብቻሽን።" ወንድሜና እናቴ አግዳሚው ላይ ቀሩ። ዶልዷማውን እርሳስ ለእሱ አስረከብኩት።

ቀዩን መኪና ፊቴ አስቀመጠችውና ጠበቀች። ዘዴዋን አውቀዋለሁ፤ በልቧ እስከ አምስት እየቆጠረች ነው። አሸንፋታለሁ ብዬ ነበር። ግን የሬዲዮ ዘር ነኝ፣ አራት ላይ ተሸነፍኩ።

"አክስቴ ጋ አልሄድም።"

መነጽሯን አወለቀች። "ማን ሂጂ አለሽ?"

ነገርኳት። ስለ መጋረጃው፣ ስለ ኮከቦቹ፣ ስለ ሰባት ማባዣ፣ ስለ እናቴ አዲስ ሳቅ። አላቋረጠችኝም፤ በሕይወቴ የማያቋርጠኝ ሰው ያኔ ገና አገኘሁ። ስጨርስ መሰላሉን አንድ ሁለቴ አስረዘመችው።

"ወንድምሽ የዘገየው ባንቺ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ልጅ ዘግይቶ ይጀምራል። ይሄን እናትሽም ታውቀዋለች፣ ረስታው እንደሆነ አስታውሳታለሁ። ግን ልጠይቅሽ፣ ቅዳሜ ዕለት ማን ነው እንዲናገር ያደረገው?"

"ማንም።"

"አንቺ ነሽ።"

"እኔማ ዝም ብዬ ነበር!"

"አዎ" አለች።

ከዚያ እናቴን አስገባቻት። ትልቅ ሰው ሲገሠጽ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እዚህ ላይ ግን እንዴት ተደርጎ! ድምፅ ሳይነሣ፣ በፈገግታ። "በቀን ሩብ ሰዓት ለእሷ ብቻ ይስጧት። ሥራ ሳይያዝ፣ ወንድሟ ሳይኖር።"

"እህቴ፣ ሩብ ሰዓት ከየት አመጣለሁ? ልብሱ ተከምሮብኝ!"

"ልብስ ሲያጥርብዎ ምን ያደርጋሉ?"

"ከጠርዙ አወጣለሁ።"

"እንግዲህ ከቀኑ ጠርዝ ያውጡ።"

በመጀመሪያው ቀን እናቴ የስፌት መኪናዋን ለእኔ ብላ ሸፈነቻት። ተቀመጥን። ሁለታችንም ምን እንደሚደረግ አናውቅም፤ ዋጋ ያልተስማሙ ደንበኛና ልብስ ሰፊ መስለን ተያየን። በመጨረሻ ጉሮሮዋን ጠረገችና "እሺ... የዛሬው ዜና ምንድን ነው?" አለችኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ስገባ በሩ በቡጢ መደብደብ ጀመረ። "እታ! ክፈቺ! እታ!" ጌታው ነበር፤ በእንባ፣ በእልህ፣ በንጹሕ ቅናት። እንዴት ያለ ጣፋጭ ድምፅ! በልቤ እስከ አምስት ቆጠርኩ። ከዚያ እስከ አምስት ደገምኩ። እንደ አስተማሪነቴ፣ ልጁ እንዲናገር ብዬ ነው።

ዓመታት አልፈው እናቴን ስለ አክስቴ ነገር ጠየቅኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ስትታገል ነበር።

"ላባርርሽ አልነበረም" አለችኝ ቀና ሳትል። "ልጄን የወለድኩት እኔ፣ የሚለውን የምታውቂው አንቺ። ምጡ የኔ፣ ግን ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ 'ምን አለ?' ብዬ ልጠይቅ? አንድ ወር ከእሱ ጋር ብቻዬን ብሆን ቋንቋው ይገባኛል ብዬ ነው።" ቀዳዳውን ሳተችው። "ቀንቼብሽ ነበር እኮ።"

መርፌውን ተቀብያት ክሩን አስገባሁላት። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ የምቀናው እኔ ብቻ መስሎኝ! ለካ ወረፋ ነበር።

ወንድሜ ዛሬ የት እንደሚሠራ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሬዲዮ ጣቢያ። በሳምንት አምስት ቀን ስለ ኳስ ሳይተነፍስ ያወራል፣ ይከፈለዋልም። ስሙ የወጣው ለእኔ፣ ደሞዙ ለእሱ። እኔ በአባቴ እግር ተተክቼ ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ አርማለሁ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ጊዜ አለ። ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ሰው ሲጸልይ፤ ወንድሜን አላሳጣሁትም።

ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤት ተቀምጠን ወንድሜ ከሥራ ባልደረባው ጋር ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ይከራከራል። አስተናጋጇ መጥታ "ለእርስዎስ?" አለችኝ። አፌን ልከፍት ስል፣ ወንድሜ ፊቱን እንኳ ሳያዞር "ለእሷ ሻይ፣ ስኳር የሌለው" ብሏት ወደ ክርክሩ ተመለሰ። ልክ ነበር። ተናደድኩ። ከዚያ የድሮ ተንኮሌ መጣብኝና ምንም ሳልናገር ግራ ቅንድቤን ከፍ አደረግሁ።

"ውሃም አምጪላት" አለ፣ በዓይኑ ጥግ አይቶኝ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል፣ ኳሱ ገና መረብ ሳይነካ።

ውሃው መጣ። ወንበሬን ደገፍ ብዬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ አንድ ቃል ሳላወጣ ጠጣሁ። ለካ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር ሲኖር የቆየው! እንደገና ቀናሁበት፤ በዚህኛው ግን ምክንያት ነበረኝ።